በሃርቤል ኤዝራ ፕሩት የሚባል ሰው የለም

ሚስ ግሌኖራ ስቲድሃም የሃርቤልን ሰው በስልክ ሲያገናኙ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረዋል። የስልክ ማዞሪያው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። በአንደኛው መስኮት ዋናውን መንገድ፣ በሌላኛው የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ያያሉ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ፣ ጉልበታቸው ላይ ያልተጨረሰ ሹራብ፣ ከማዞሪያው ገመዶች ሥር ደግሞ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር አይጠፋም ነበር።

ስማቸውን ያዋጡት አባታቸው ግሌንና እናታቸው ኖራ ናቸው። "ሁለቱም የራሳቸውን ስም ሊያወጡልኝ ፈልገው ሦስት ቀን ስም የለሽ ሆኜ ከረምኩ" ይሉ ነበር። "በመጨረሻ አዋላጇ ጭቅጭቁ ሰልችቷት፣ ግሌኖራ በሏትና እንተኛ አለች።" በእኛ ኮረብቶች እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም። ከተማችንም ራሷ ከሁለት የተሰፋች ናት። ሃርመንና ቤል የሚባሉ ሁለት ሰዎች የድንጋይ ከሰል ማውጫውን ሲከፍቱ ስማቸውን አገጣጥመው ሃርቤል አሏት። በሦስተኛው ዓመት ተጣልተው ተለያዩ፤ ስሙ ግን ሳይፋታ እስከ ዛሬ አብሮ ይኖራል።

በሃርቤል፣ እናት ያወጣችው ስም የሚያገለግለው ሰው ሲወለድና ሲቀበር ብቻ ነው። በመሃል ያለውን ስም ሰፈሩ ያወጣል። ሁለት ምሳ የሚባለው ሰውዬ ወደ ከሰሉ ጉድጓድ ሲወርድ ሁለት የምሳ ባልዲ ይዞ ይወርድ ስለነበር ነው። ኒው ዮርክ የምንለው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ኒው ዮርክ ሄዶ አንድ ቀን ውሎ፣ ስለዚያ ቀን ዐሥር ዓመት ሙሉ ያወራ ነው። ማንም ለራሱ ስም ማውጣት አይችልም። ከኦሃዮ የመጣ አንድ ጎረምሳ "ነብር በሉኝ" ብሎ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ድመት ሆኖ ቀረ። እኔን ጋዜጣ ይሉኛል፤ ዕቃ የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ ስለማልጥል ነው።

ሚስ ግሌኖራ እነዚህን ስሞች በደብተራቸው ይሰበስቡ ነበር። ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ሲወጣ ማን እንደነበረ ይጽፋሉ። ምስክር የሌለው ታሪክ አይቀበሉም። አንድ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መምህር የአገሬውን ቃል ሊለቅም አጠገባቸው ተቀምጦ ሲጠይቃቸው ዋለ። መጨረሻ ላይ እሳቸው በተራቸው፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚሉት "ኦኬ" ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ሰውዬው ከቦስተን ጋዜጠኞች ቀልድ መጣ እንደሚባል፣ ከቾክታው ሕዝብ ቋንቋ መጣ የሚሉም እንዳሉ፣ ሌላም ሌላም ነገራቸው።

"ታዲያ አባቱ በዛ" አሉት። "እኔ እናቱን የማውቃትን ቃል ብቻ ነው የምጽፈው።"

ይህን ሁሉ የማወራው በ1957 ጸደይ፣ አንድ ቅዳሜ የሆነውን ለመንገር ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም የሌክሲንግተን መስመር ጮኸ። የሆስፒታል ነርስ ነበረች። ማለዳ አንድ ሰው በጭነት መኪና ተገጭቶ እንደመጣላቸው፣ ራሱን እንደማያውቅ፣ ኪሱ ውስጥ ባለው የመንግሥት ካርድ ላይ ኤዝራ ቶማስ ፕሩት የሚል ስም እንዳለ፣ ከጀርባውም በእርሳስ ሃርቤል ተብሎ እንደተጻፈ ነገረቻቸው።

"ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰባብሯል" አለች። "ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ ሊቆርጡት ነው። እግሩን ለማዳን ልሞክር የሚል አንድ ሐኪም አለን። ግን ረጅም ሥራ ነው፣ ሰውዬው ሊሞትም ይችላል። የሥጋ ዘመድ እሺ ካላለ ሐኪሙ አይጀምረውም። እስከ አምስት ሰዓት እንጠብቃለን። ከዚያ በላይ ቁስሉ አይጠብቅም፤ ይቆረጣል።"

"ኦኬ። አገኝልሻለሁ" አሉ ሚስ ግሌኖራ።

ደብተሩን ገለጡት። ከአራት መቶ በላይ ስም ነበረበት፤ ኤዝራ ግን የለም። ኤዝራ ብቻ አይደለም፣ አንድም እናት ያወጣችው ስም የለበትም። ከዓመታት በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ "አየህ ጋዜጣ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህ ስም ከየት መጣ እያልኩ ሰው ስጨቀጭቅ፣ ከሥሩ ያለውን ስም አንድ ቀን አልጠየቅኩም" አሉኝ። ያን ጠዋት ዐይናቸውን ጨፍነው፣ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ፤ ለእኔም ንገረኝ" አሉ። ከዚያ ረጅሙን ጥሪ ለቀቁት።

ረጅሙ ጥሪ የሚባለው በከተማው ያለ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ነው። ለእሳት፣ ለጎርፍና ለጉድጓድ አደጋ ብቻ ነው የሚደረገው። እኔ ያኔ የእህል መደብር ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከረጢቱን ጥዬ ስልኩን አነሳሁ። የጋራ መስመር ስለሆነ ሁሉም ሁሉንም ይሰማል።

"የማን ቤት ነው የሚቃጠለው?" አለ ሁለት ምሳ።

"የማንም ቤት አይቃጠልም። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።" ሚስ ግሌኖራ የነርሷን ቃል ሳያጎድሉ ነገሩን። "ኤዝራ ፕሩት። ማን ነው?"

የሰው ትንፋሽና ከሩቅ የአንድ ሰው ዶሮዎች ይሰሙ ነበር።

"እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" አለ በመጨረሻ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ። እሱን ቴምብር እንለዋለን። "ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ ሰው ነኝ። እኔ ካላወቅኩት የለም ማለት ነው።"

"ካርዱን የሰረቀ ሌባ ቢሆንስ?" አለ ኒው ዮርክ።

"ሌባስ ቢሆን እግር የለውም?" አሉት እማማ ክሎ፣ ለብቸኛ ወንዶች ክፍል የሚያከራዩ ባልቴት። "አንተ ሰውዬ፣ አንዳንዴ እንኳ ዝም በል።"

"በሉ እንዲህ እናድርግ" አሉ ሚስ ግሌኖራ። "ደብተሬን ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። ስሙ የተጠራ ወንድ ሁሉ እናቱ ያወጣችለትን ይናገር። ከቤት የሌለ ካለ ሚስቱ ወይም እናቱ ትናገርለት። የማይታወቅ ሰው ከቀረ እሱ ነው። ሁለት ምሳ፣ ካንተ ልጀምር።"

"ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ?"

"ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ።"

ሁለት ምሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ፐርሲቫል።"

ለከሰል ቆፋሪ ሳይሆን በተረት ውስጥ ላለ መስፍን የሚሆን ስም ነው። መስመሩ ላይ የሆነ ነገር ፈነዳ። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቁን ሊይዝ ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ ነው።

"ፐርሲቫል" አለ ኒው ዮርክ፣ ከረሜላ እንደሚመጥ ሰው ቀስ ብሎ። "እና ይሄን ሁሉ ዓመት ከፐርሲቫል ጋር ነው ካርታ የምጫወተው?"

"ያንተንስ እንስማው፣ አንተ የከተማ ሰው።"

"ክላረንስ ነው። ምንም አይልም።"

"ሙሉውን ንገራቸው እንጂ" አለች ሚስቱ ከጎኑ።

"ሴትዮ፣ ተይ።"

"ክላረንስ ሊሊ" አለች። "በሴት አያቱ ስም ነው። በሠርጋችን ቀን ነው የሰማሁት፤ ልመለስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።"

እኔም ተራዬ ደርሶ "ኦባድያ" አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ ለእኔ ከዚህ የተሻለ አልጠበቁም መሰለኝ። ሚስ ግሌኖራ የሚስቅ ሲበዛባቸው፣ "ሰዓቱን አትርሱ፤ እዚያ የተኛ ሰው አለ" ይላሉ። ስሙ ይጠራል፣ መልሱ ይመጣል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አብረን ጉድጓድ የወረድን፣ አብረን የዘመርን ሰዎች፣ ያን ቀን ገና እንደተዋወቀ ሰው ስም ተለዋወጥን።

አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሦስት ወንዶች ብቻ ቀሩ። አንደኛውን ያን ጠዋት ሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያየው ሰው ነበር። ሁለተኛው የጎረቤት አውራጃ እስር ቤት ውስጥ ነበር፤ የዚያ ቤት ሰዎች ትክክለኛ ስሙን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ሦስተኛው፣ ወንድም እሑድ የምንለው ሰው ነው።

ወንድም እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነው። ድሮ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ዝምተኛ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነው። በክረምት ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ ምድጃውን የሚያነድልን እሱ ነው።

"እማማ ክሎ፣ ወንድም እሑድ እቤት አለ?" ብለው ጠየቁ ሚስ ግሌኖራ።

"የለም። ትናንት በአውቶቡስ ሌክሲንግተን ሄዷል፤ ለደወሉ አዲስ ገመድ ሊገዛ።"

"ስሙ ማን ነው?"

"ወንድም እሑድ ነዋ።"

"እናቱ ያወጣችለትን ማለቴ ነው፣ እማማ።"

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ እማማ ክሎ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቁርስ አብልቼዋለሁ። ሸሚዙ አንገት ላይ የምጠልፈውም እሑድ ብዬ ነው።"

"ወንዝ ውስጥ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ" አሉ ፓስተራችን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ወንድም እሑድ ብዬ ነው ያጠመቅኩት። መዝገቡም ላይ እንዲሁ ነው የጻፍኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።"

የከሰል ማውጫው ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የሠራተኞቹ መዝገብም በሳጥን ተጭኖ ከባለቤቶቹ ጋር ሄዷል። ሚስ ግሌኖራ ወደ ነርሷ ደወሉ።

"እህቴ፣ ሰውዬው ሲመጣ የያዘው ዕቃ ነበር?"

"ወፍራም ገመድ ነበር፤ አዲስ ጥቅል። ለምን እንደሆነ አልገባንም። ጥግ አስቀምጠነዋል።"

ሁላችንም ሰማን። መስመሩ ላይ አንዲት ሴት "አይ የኔ ጌታ" አለች።

እንግዲህ ሰውዬው ታወቀ። የቀረው ዘመዱ ነው። ሚስ ግሌኖራ ገጹን አገላብጠው አገኙትና ጮክ ብለው አነበቡት። "እሑድ። በ1938 ጥቅምት፣ በእሑድ ቀን፣ በዝናብ መጣ። ሥራ ፈልጎ ነበር፤ ሁሉም ዝግ ስለሆነ እስከ ሰኞ ጠዋት በመደብሩ በረንዳ ተቀመጠ። ምስክር እማማ ክሎ። የበቆሎ ዳቦ ሰጥተውት ከየት መጣህ ሲሉት፣ ከፓይን ሊክ፣ ከእህቴ ቤት አለ።"

"እውነት ነው" አሉ እማማ ክሎ። "እህቴ ቤት ብሏል። ሁለተኛ ግን ስሟን አንስቶ አያውቅም።"

ሚስ ግሌኖራ ወዲያው ወደ ፓይን ሊክ ደወሉ፤ የዚያች ከተማ ስልከኛ ዊኒ ትባላለች። ከሚስ ግሌኖራ ጋር ለዓመታት በየቀኑ ቢነጋገሩም ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

"ፕሩት?" አለች ዊኒ። "ታቢታ ፕሩት አለች፤ አሁን ባል አግብታ ሚሲስ ኮምብስ ሆናለች። ስልክ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እንቁላል ልትሸጥ ትመጣለች። ቆይ… መኪናዋ ከመስኮቴ ሥር ቆሟል። ጠብቂኝ፣ እንዳትዘጊ።"

የዊኒ ወንበር ሲገፋ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማን። አራት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ነበር። መደብሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ስመለከት አንድ ገበሬ ገብቶ ምን እንደሚፈልግ ሲነግረኝ፣ አልሰማሁትም። እሱም ፊቴን አይቶ ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ቆመ።

ኮቴው ሲመለስ የሁለት ሰው ነበር።

"ኤዝራ ነው?" አለ የሴት ድምፅ፣ እያለከለከ። "ኤዝራ የኔ ወንድም? ሞቷል ብዬ ተቀምጫለሁ እኮ።"

"በሕይወት አለ" አሉ ሚስ ግሌኖራ። "ተጎድቷል፣ ግን አለ።"

"ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ሃርቤል ሥራ አለ ብሎኝ ነበር የሄደው። ሦስቱም ተመለሱብኝ። እንዲህ የሚባል ሰው በሃርቤል የለም ተብሎ ተጽፎባቸው።"

አንድም ሰው ስልኩን አልዘጋም ነበርና፣ ይህን ከተማው ሁሉ ሰማ። ትንሽ ቆይቶ ቴምብር ተናገረ። ጠዋት የነበረው ድምፁ አልነበረም።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። በገዛ እጄ። ወንድምዎ ደግሞ በየቀኑ በደጄ ያልፍ ነበር።"

"የዚያን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፣ ጌታዬ" አለች ታቢታ። "አሁን ሐኪሙን ስጡኝ።"

ሚስ ግሌኖራ የማዞሪያውን ገመድ ሰኩት። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሐኪሙ ወጣት ድምፅ ነበረው። ሁለቱንም መንገድ ሳይደብቅ ነገራት፤ ቢቆረጥ በርግጥ ይድናል፣ ቢሞከር ሊሞት ይችላል።

"ወንድምዎ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?" አለችው።

"እሞክር ነበር" አለ።

"እንግዲያው ይሞክሩ። እህቱ ታቢታ ብላለች ብለው ይጻፉ። ሁለት ስልከኞች ሰምተዋል።"

ሁለት ስልከኞችና አንድ ከተማ ሰምተዋል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ሚስ ግሌኖራ መስመሩን ነጻ እንድናደርግ አዘዙን። ፓስተራችን ቤተ ክርስቲያኑን ከፈቱ፤ ሰው እየገባ እየወጣ ጸለየ። ጮክ ብለው ሲጸልዩ አንዳንዶቹ "ወንድም እሑድ" አሉ፣ አንዳንዶቹ "ኤዝራ" አሉ። ፓስተራችን ሁለቱንም አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ ደወለች። ሚስ ግሌኖራ ሰምተው አመሰገኗት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቀጥሎ ደግሞ በሃርቤል ታሪክ ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረጉ፤ ለደግ ወሬ ረጅሙን ጥሪ ለቀቁ።

ስልኩን ያነሳነው በፍርሃት ነው።

"ወንድም እሑድ ከቀዶ ሕክምናው ወጥቷል" አሉ። "ከሁለት እግሩ ጋር። ማነከሱ አይቀርም ብለዋል፤ ግን በሁለቱም ይሄዳል።"

መስመሩ ላይ የሚያለቅስ ነበር። አንዱ "ተመስገን" አለ፣ ሌላውም ተቀበለው። እኔ የእህል ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እንደዋልኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

"በሉ እንግዲህ፣ ምሳዬን ልብላ" አለ ሁለት ምሳ።

"የትኛውን?" አለው ኒው ዮርክ፣ "ፐርሲቫል።"

ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ ለሳምንት ይበቃ ነበር።

ወንድም እሑድ ነሐሴ ላይ በሁለት ክራንች ተመለሰ። እህቱ አብራው መጣች። ለካ ተለያይተው የቀሩት በአባታቸው በቅሎ ምክንያት ነው፤ እሷ ሳትነግረው ሸጣው፣ እሱ ተቆጥቶ ወጣ። እሱ ማንበብም መጻፍም አይችልም። በካርዱ ጀርባ ያለውን እንኳ የጻፈለት የአውቶቡስ ትኬት ሻጩ ነው። መጻፍ የምትችለው እሷ ስለሆነች ደብዳቤዋን ሲጠብቅ ኖረ፤ ሲቀርበት፣ ይቅር አላለችኝም ብሎ ተወው። እሷም የተመለሱትን ሦስት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ አስቀምጣ ነበር። ታቢታ በእማማ ክሎ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችለት። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ሁላችንም ሆን ብለን ወደዚያ መንገድ ሳንሄድ ዋልን።

ፓስተራችን በትክክለኛ ስሙ እንደገና መጠመቅ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት። "እግዚአብሔር ያን ቀን ማንን እንዳጠመቁ ያውቃል" አለ። "ደግሞ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር።"

ሚስ ግሌኖራ በደብተራቸው ላይ ሌላ ዓምድ አሰመሩ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ እናቱ ያወጣችለትን፣ ከዚያ የሰፈሩን ይጠይቃሉ። በ1962 ራሱ የሚያገናኝ ስልክ መጥቶ ማዞሪያው ሲዘጋ፣ ደብተሩን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጡ። እኔ ዛሬም ሞት ወይም ልደት ሲኖር እጽፍበታለሁ፤ ለዚህ ስለበቃሁ አመሰግናለሁ።

ታቢታ በየሳምንቱ ደብዳቤ ትልክ ነበር። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ከፖስታ ቤቱ መስኮት ሄዶ ነው የሚወስደው። ቴምብር ግን የታቢታ ደብዳቤ የደረሰ ቀን መስኮቱን ይዘጋና፣ ፖስታውን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እማማ ክሎ ደጅ ድረስ ያደርሳል። ከዚያም ተቀምጦ ያነብለታል። አንድ ቀን ከሚስ ግሌኖራ መስኮት ሆነን ሲወጣ አየነው። ፀሐይ ነበር፤ ቆም እያለ ላቡን ይጠርጋል።

"ወንድም እሑድ እኮ አሁን ራሱ ወርዶ መውሰድ ይችላል" አልኳቸው። "ለቴምብር ልንገረው?"

ሚስ ግሌኖራ ከሹራባቸው ቀና አሉ።

"ተወው" አሉኝ። "ይውጣ።"